ከዝናብ የተጠበቀው ደብተር

ፈንታሁን ውሃ የማያበላሸውን ደብተር ከዝናብ ሲጠብቅ ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ኖረ።

ይህን ሰምቶ የሚስቅ አይጠፋም። ይሳቅ። ግን ከመሳቁ በፊት እቤቱ ያለውን የቴሌቪዥን ሪሞት ይመልከትና ከነፌስታሉ ከሆነ አፉን ይዝጋ። እኛ የወደድነውን ዕቃ ሁሉ ጠቅልለን ካላስቀመጥን እንቅልፍ አይወስደንም። አዲስ ፍራሽ ገዝተን ላስቲኩን ሳናወልቅ ዓመት ሙሉ እየተንኮሻኮሸ እንተኛበታለን። ለእንግዳ የተባለውን ብርጭቆ እንቆልፍበትና እንግዳው መጥቶ በተሸረፈው ጠጥቶ ይሄዳል። ፈንታሁንም የእኛው ሰው ነው፤ ከሌላ አገር አልመጣም።

መምጣትስ የመጣው ከደብረ ታቦር ነው። በ1985 ዓ.ም. የውሃ ሥራ ዲፕሎማውን ይዞ መቀሌ ገባና አንድ መሥሪያ ቤት የወንዝ ከፍታ መዝጋቢ አድርጎ ቀጠረው። ለአንድ ዓመት ብሎ የመጣው ሰው አሥራ አራት ዓመት ቆየ። ትግርኛውንም እንደ ወጉ ለመደ፤ ሐን ከጉሮሮው ማውጣት ከመልመዱ የተነሳ እናቱን ሊጠይቅ በሄደ ቁጥር "ልጄ፣ ጉንፋን ይዞሃል እንዴ?" ትለዋለች።

ሥራው ሲናገሩት ቀላል ነው። ከሚኖርበት ከዓይደር ሰፈር ጠርዝ፣ ከቤቶቹ ጀርባ በሚያልፈው ወንዝ ማዶ፣ አለት ላይ የታሰረ ቀይና ነጭ የተቀባ የብረት መለኪያ አለ። ውሃው ስንት ሴንቲሜትር እንደደረሰ ማየት፣ ሰዓት ማየት፣ መጻፍ። በቃ። መለኪያው ያለው በማዶው ዳር ስለሆነ ሙላት ሲጠበቅ ቀድሞ መሻገር ያስፈልጋል እንጂ ሌላ ጥበብ የለውም። ችግሩ ወንዙ የሚሞላው ዝናብ ሲዘንብ መሆኑ ነው፤ ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ የወረቀት ነገር ያበቃል። እስክሪብቶው ይንሸራተታል፣ ቀለሙ ይፈሳል፣ ገጽ ከገጽ ይጣበቃል። መጻፍ የሚያስፈልግበት ሰዓትና መጻፍ የማይቻልበት ሰዓት አንድ ሆነው ፈንታሁንን ሲያሰቃዩት ኖሩ። ባለ ሃምሳ ቅጠል ደብተሩን ከሸሚዙ ሥር ሆዱ ላይ ለጥፎ፣ ቁጥሩን በአፉ እያነበነበ ወደ ቤቱ ይሮጣል። መንገድ ላይ "ከመይ ውዒልካ?" ብሎ ሰላም የሚለው ጎረቤት ካጋጠመው "አንድ ሜትር ከሃያ ሁለት" ብሎ መልሶለት ያልፋል።

ያንን ሌላውን ደብተር የሰጠው አንድ ፈረንጅ ነው። ሁለት ክረምት አብሮት ወንዝ ለወንዝ ሲንከራተት የቆየ ተመራማሪ ነበር። በታኅሣሥ 1997 ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል ከቦርሳው ቢጫ ሽፋን ያለው፣ መዳፍ የሚያህል ደብተር አወጣ። ወረቀቱ ሲያዩት ወረቀት ነው፤ ሲነኩት ግን ሙልጭልጭ ይላል። ፈረንጁ ምንም ሳይናገር ደብተሩን ባልዲ ውሃ ውስጥ ነከረው። ፈንታሁን "ኧረ በማርያም!" ብሎ እጁን ያዘው። ፈረንጁ እየሳቀ፣ ደብተሩ ውሃ ውስጥ እንዳለ፣ የፈንታሁንን ስም በእርሳስ ጻፈበት። ከዚያ አውጥቶ አራገፈና አቀበለው። ስሙ እንደተጻፈ አለ፤ ገጹ እንኳ አልተጨማደደም። እስክሪብቶ እንደማይዝለት፣ እርሳስ ግን ዶፍ ቢወርድበትም እንደማይለቅ አስረዳው።

ፈንታሁን ደብተሩን ወደ ቤት ወሰደ። በመሐረቡ አደረቀው። መጀመሪያ በአንድ ፌስታል፣ ከዚያ በሁለተኛ፣ ለጥንቃቄ ደግሞ በሦስተኛ ጠቀለለው። ከዲፕሎማውና ከጋብቻ ወረቀቱ ጋር ሣጥን ውስጥ አስገብቶ ቆለፈበት፤ ቁልፉንም ከራሱ በቀር ማንም የማያውቀው ቦታ ደበቀ። ቢያንስ እሱ እንደዚያ ያምን ነበር።

ሚስቱ የሺወርቅ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ታስተምራለች። ሌላው ወንድ ያሰባትን ልጅ ኬክ ቤት ይወስዳል፤ ፈንታሁን ወንዝ ዳር ወስዶ መለኪያ ማንበብ አስተማራት። "ዓይንሽን ከውሃው ጋር እኩል አድርጊ። ከላይ ቆመሽ ካየሽው ይዋሽሻል" እያለ፣ ሁለቱም ጭቃ ላይ ተንበርክከው። እሷ እንደምትለው ያገባችው ከሳቋ ብዛት ነው። ሰው ግን ለሳቅ ብሎ አሥር ዓመት አብሮ አይኖርም፤ ትወደዋለች።

ደብተሩ ሣጥን በገባ በመጀመሪያው ክረምት ጠየቀችው።

"ለምንድን ነው የማትጽፍበት?"

"ለቁም ነገር ነው።"

"ወንዙ ቁም ነገር አይደለም?"

"ይሄ ተራ ሙላት ነው፣ የሺ። እንዲህ ያለ ዕቃ በተራ ሙላት አይባክንም።"

"እሺ፣ ፌስታሉስ?"

"ዝናብ እንዳያገኘው ነዋ።"

የሺወርቅ "ዝናብ እንዳያገኘው" ብላ ቀስ አድርጋ ደገመችው፤ ክፍል ውስጥ ተማሪ የተሳሳተ መልስ ሲሰጥ ራሱ እንዲሰማው እንደምታደርገው። ፈንታሁን ግን አልሰማውም። ተወችው። ክረምት በመጣ ቁጥር የራሰውን ባለ ሃምሳ ቅጠል እየተቀበለች፣ ገጾቹን አንድ በአንድ አላቃ ከሸሚዞቹ ጎን ገመድ ላይ በመቆንጠጫ ትሰቅላቸዋለች፤ ጠፈፍ ሲሉም ለብ ባለ ካውያ ትተኩሳቸዋለች። ጎረቤቱ የፈንታሁንን ሚስት ወረቀት ስትተኩስ ማየት ለምዶ መገረም ትቶ ነበር።

የ1999 ክረምት ግን እንደ ሌላው ክረምት አልሆነም።

ከወንዙ ማዶ ትንሽ የማርያም ቤተ ክርስቲያን አለች። በፍልሰታ፣ ከነሐሴ አንድ እስከ አሥራ አምስት፣ ሰፈሩ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ዕለት ዕለት ተሻግሮ ያስቀድሳል። ቅዳሴው የሚወጣው ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው፤ የነሐሴ ዝናብም ቀጠሮ የያዘ ይመስል በዚያው ሰዓት ይመጣል። መሻገሪያው ከድንጋይ ድንጋይ መዝለል ነው። አምና ኣደይ ኣስካል የሚባሉ አሮጊት እስከ ወገባቸው ገብተው ሁለት ዲያቆናት በነጠላቸው ጎትተው አወጧቸው፤ ጫማቸው እስከ ዛሬ አልተገኘም። የሺወርቅም ፍልሰታ አታጓድልም። በእነዚያ አሥራ አምስት ቀናት ዘጠኝ ሰዓት ሲቃረብ ፈንታሁን የትም ይሁን የት ሰማዩን ሲያይ ይገኛል።

አለቃው ኢንጅነር ኣረጋዊ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ቢሮው ጠራው።

"ስማ ሓወይ፣ ወንድሜ ፈንታሁን" አለው። "እዚያ ወንዝ ላይ መሻገሪያ ሊሠራ ነው። ሁለት ንድፍ አለኝ። አንዱ ዝቅ ያለ ነው፤ ቱቦ ቀብረን ከላይ ሲሚንቶ። አንዱ ከፍ ያለ ድልድይ። የበላዮቻችን የሚፈልጉት ቱቦውን ነው። ውሃው ከሁለት ሜትር ካለፈ ግን ያ ቱቦ ለሰው ወጥመድ ነው የሚሆን። ደህና መሻገሪያ አለ ብሎ ይገባል፣ ውሃው ይወስደዋል።"

"ያልፋል፣ ኢንጅነር። እኔ አውቀዋለሁ።"

"አንተ ማወቅህን እኔም አውቃለሁ። እነሱ ወረቀት ነው የሚያምኑ። ውሃው የደረሰበትን ጫፍ ብቻ አይደለም፤ በስንት ደቂቃ እንደሞላ፣ እዚያው ተቆሞ የተጻፈ፣ የሚነበብ ወረቀት አምጣልኝ። ነሐሴ ሃያ ንድፉ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ብታመጣው ለታሪክ ነው።"

ነሐሴ አምስት ወንዙ ሞላ። ፈንታሁን ቀድሞ ተሻግሮ፣ ጃንጥላውን ባንገቱ ይዞ፣ እንደ ልማዱ ባለ ሃምሳ ቅጠሉ ላይ ጻፈ። የሺወርቅም እንደ ልማዷ ተኮሰችው። በማግስቱ ኣረጋዊ ገጹን ወደ መስኮቱ አንስቶ ዓይኑን አጠበበ።

"ይሄ አንድ ነው ሰባት?"

"አንድ። አንድ ይመስለኛል።"

"'ይመስለኛል' ተብሎ ድልድይ አይሠራም፣ ሓወይ።"

ፈንታሁን አንገቱን ደፍቶ ቤቱ ገባ። የሺወርቅ ነገሩን ሰምታ "ቢጫውን አውጣውና ይገላግልህ" አለችው።

"ትልቁ ሙላት ገና ነው። በዚያን ቀን አወጣዋለሁ።"

"ሙላቱ አስቀድሞ ደብዳቤ ይጽፍልሃል?"

"ደመናውን አይቼ አውቃለሁ።"

የሺወርቅ ዝም አለች። እሷ ዝም ካለች አንድ ነገር አለ ማለት ነው፤ ፈንታሁን ግን ዕድሜ ልኩን የሠለጠነው በወንዝ ጠባይ እንጂ በሚስት ዝምታ አይደለም።

ነሐሴ አሥራ ሁለት ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ቢሮው መስኮት ላይ ቆሞ ወደ እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ሲያይ ሰማዩ ጠቁሮ አየ። ጥቁር ብቻ አይደለም፤ ታችኛው ጠርዙ አረንጓዴ የመሰለ፣ እንደ ድንኳን ወደ መሬት የረገበ ደመና ነው። በአሥራ አራት ዓመት እንዲህ ያለ ያየው ሁለት ጊዜ ነው። ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። "የዛሬው ነው" አለ ለራሱ። ለኣረጋዊ በበሩ ብቅ ብሎ ነገረውና ባጃጅ ይዞ በረረ፤ ወደ ወንዙ ሳይሆን ወደ ቤቱ። የደብተሩ ቀን ደርሷላ።

ቁልፉን ከተደበቀበት አወጣ። ሣጥኑን ከፈተ። ዲፕሎማው አለ። የጋብቻ ወረቀቱ አለ። ሦስቱ ፌስታሎች በሥርዓት አራት ማዕዘን ተጣጥፈው አሉ። ደብተሩ የለም።

ዲፕሎማውን አነሳ፣ ከሥሩ አየ። ሣጥኑን ገለበጠ። ፍራሹን አነሳ፣ ቁም ሳጥኑን በረበረ፣ ሄዶ ሄዶ የበርበሬ ዕቃ ውስጥ ሳይቀር እጁን አስገባ። ሩብ ሰዓት እንዲህ ሲባክን የመጀመሪያው ነጎድጓድ ተሰማ። ወደ ውጪ ወጥቶ ከበራቸው ፊት ለፊት ሱቅ ያላትን የወሎዋን ዙሀራን ጠራ።

"ዙሀራ! እቤት ሌባ ገብቷል!"

"አብሽር ጋሼ ፈንታሁን፣ ምን ሌባ አለ? ከጧት ጀምሮ እዚሁ ነኝ፤ ከየሺ በቀር የገባም የወጣም የለም። እሷም እርሳስና መቅረጫ ገዝታ ነው ወደ ቅዳሴ የሄደችው። ወላሂ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ እርሳሱ ለማን ይሆን እያልኩ ነበር።"

ፈንታሁን ሐሳቡ ሁሉ ሌባው ላይ ስለነበር እርሳስ የሚባለው ነገር ባንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ወጣ። ደግሞም "ቅዳሴ" የሚለው ቃል ነበር የያዘው። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ዝናቡ መውረድ ጀመረ። ደብተሩን፣ ሌባውን፣ ጃንጥላውን ሁሉ ትቶ ወደ ወንዙ ሮጠ።

ሲደርስ ወንዙ ወንዝ መሆኑን ትቷል። ከዳር እስከ ዳር ቡናማ ሆኖ፣ ቅርንጫፍና አጥር ተሸክሞ እያጓራ ይወርዳል። የሚረገጡት ድንጋዮች አይታዩም። ማዶ፣ ከፍ ካለው ላይ፣ ነጠላ የለበሰው ሕዝብ ተከማችቶ ቆሟል። መለኪያው አለቱ ላይ አለ፤ ግን በዚያ ዝናብ ከዚህ ዳር ሆኖ ቁጥሩን ማንበብ የማይታሰብ ነው። ፈንታሁን የቆመው በተሳሳተው ዳር ነው። በእጁ የሚጽፍበት የለም። አሥራ አራት ዓመት የጠበቀው ሙላት ፊቱ እያለፈ ነው፤ ቱቦው ይቀበራል፤ ሰው ይገባበታል። እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

ያኔ የሺወርቅን አያት። ከሕዝቡ ተለይታ፣ ወርዳ፣ መለኪያው አጠገብ አለቱ ጫፍ ላይ ጎንበስ ብላለች። ነጠላዋ ከሰውነቷ ተጣብቋል።

ልትሻገር ነው ብሎ አሰበ። ውሃው ከእግሯ ሥር አንድ ክንድ አይርቅም። "የሺ! ተመለሺ!" ብሎ ጮኸ፤ ድምፁ ለራሱም አልተሰማው። ከዚያ በኋላ ያደረገውን ሲጠይቁት "አላውቅም" ነው የሚለው። ውሃው ውስጥ ገባ። የጎርፍን ጉልበት በሴንቲሜትር የሚያውቅ፣ ለሌላው ሲመክር የኖረ ሰው፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ፣ እስከ ጉልበቱ ገባ። ከኋላው ዳሩ ላይ የተሰበሰቡት "ኧረ ያዙት!" ይላሉ፤ የሚይዘው ግን የለም። አንድ እርምጃ ጨመረ። ውሃው ከጭኑ ደረሰና ወደ ጎን ገፋው።

ማዶ የሺወርቅ ቀና አለች። አየችው። አፏ ሲከፈት አየ፤ ድምፅ ግን የለም። እጇን አወናጨፈች። እሱ ሌላ እርምጃ ሊያነሳ ነው። ይኼኔ እጇን ወደ ላይ፣ ከራሷ በላይ፣ ዶፉ መሐል ዘረጋችው። እጇ ላይ ቢጫ ነገር አለ።

ፈንታሁን ቆመ።

የሰው ነገር ይገርማል። እዚያ ሞት መሐል ቆሞ በልቡ የመጣው ፍርሃትም ጸሎትም አይደለም፤ ንዴት ነው። ደብተሬ! በዚህ ዝናብ! ያለ ፌስታል! በአንድ እጁ ወደ ደብተሩ እየጠቆመ፣ በሌላው ልብስ የመሸፈን ምልክት እያሳየ፣ ባለ በሌለ ድምፁ "ሸፍኚው! ሸፍኚው!" ብሎ ጮኸ። እጁን እያወናጨፈ ባለበት፣ ከፊቱ ሁለት እርምጃ ርቆ፣ ከነሥሩ የተነቀለ የሾላ ግንድ እየተንከባለለ አለፈ። የረጨው ውሃ ፊቱን መታው። ፈንታሁን ግንዱ እስኪሰወር በዓይኑ ተከተለው። ከዚያ የኋሊት፣ አንድ በአንድ፣ ወጥቶ ጭቃው ላይ ዘጭ አለ። ውሃው እስኪጎድልም ከዚያ አልተነሳም።

ውሃው የጎደለው አሥራ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ ተሻገረ፤ ኣደይ ኣስካልን ዘንድሮ ዲያቆናቱ በትከሻቸው አሻገሯቸው። የሺወርቅ ከኋላ መጣች፣ ደብተሩን እጇ ላይ እንደያዘች።

ፈንታሁን ብዙ ነገር ሊላት አስቦ ነበር። የወጣው ግን "ያለ ፌስታል!" የሚለው ብቻ ነው።

"ጻፍኩልህ" አለችው። ጥርሷ ይንገጫገጫል።

ኮቱን አውልቆ አለበሳት፤ ኮቱም የራሰ ነበር፣ ቢሆንም አለበሳት። በዚያች ምሽት ደብተሩን አልገለጠውም። እሷን ማሞቅ ነበረበት። በሌሎቹ ቀናት ያደረገችውንም እሷው ነገረችው። ነሐሴ ስድስት ቀን ደብተሩን አውጥታዋለች። ቁልፉን የደበቀበትን ቦታ የምታውቀው ካገባችው ጊዜ ጀምሮ ነው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ወደ ቅዳሴ ስትሻገር አንዴ፣ ስትመለስ አንዴ፣ ጭቃው ላይ ተንበርክካ፣ ዓይኗን ከውሃው ጋር እኩል አድርጋ ስትጽፍ ቆይታለች።

በማግስቱ ጧት ፈንታሁን ደብተሩን ይዞ ኣረጋዊ ቢሮ ገባ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ኣዳነች ፋይል ልታስፈርም መጥታ እዚያው ቆማለች። ኣረጋዊ ደብተሩን ተቀብሎ ገለጠ፤ ወረቀቱን በጣቱ አሸው፤ ከጠረጴዛው ላይ የውሃ ብርጭቆውን አነሳና ሳያማክር ገጹ ላይ አፈሰሰበት። ፈንታሁን ዓይኑን ጨፈነ። ኣረጋዊ ገጹን በእጅጌው ጠረገና ሳቀ።

"ይነበባል" አለ። "የማን ጽሑፍ ነው?"

"የባለቤቴ። መለኪያ ማንበብ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ከእኔ ትሻላለች።"

ኣረጋዊ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ፣ በቢሮ ድምፁ።

"ነሐሴ አሥራ ሁለት። ስምንት ከሃምሳ አምስት፣ አርባ ሴንቲሜትር። ቅዳሴ ወጣ። ዘጠኝ ከአምስት፣ ዘጠና አምስት። ሰው መሻገር አቆመ። ዘጠኝ ከአሥራ አምስት፣ አንድ ሜትር ከሃምሳ። ልጆቹን ወደ ቤተ ክርስቲያን መለስናቸው። ዘጠኝ ከሃያ አምስት፣ አንድ ሜትር ከዘጠና።" ቀና አለ። "በግማሽ ሰዓት! ኣየህ? በግማሽ ሰዓት ሜትር ተኩል!" ወደ ገጹ ተመለሰ። "ዘጠኝ ከሠላሳ አምስት፣ ሁለት ሜትር ከአሥር። ፈንታሁን ማዶ ደረሰ። ዘጠኝ ከሠላሳ ስምንት፣ ሁለት ሜትር ከአሥራ ስምንት። ውሃው ውስጥ ገባ። ብጠራው አይሰማኝም..."

ድምፁ ቀነሰ። ቀጣዩን ለብቻው አነበበው፤ ከዚያ ፈንታሁንን አየው፤ ከዚያ ደግሞ ጮክ ብሎ፣ አሁን ግን በቢሮ ድምፁ ሳይሆን፣ አነበበው።

"ዘጠኝ ከአርባ። ደብተሩን አሳየሁት። ቆመ።"

ኣዳነች "ዋይ ኣነ!" ብላ አፏን በእጇ ሸፈነች።

ፈንታሁን ፊቱ ጋለ። ለካ ያሳየችው ጻፍኩልህ ለማለት አይደለም። ለካ ጮኻ ጮኻ ሲያቅታት፣ ስሙንም ነፍሱንም ረስቶ ሲገባ፣ ዝናብ ላይ የወጣ ደብተር ካየ እንደሚቆም አውቃ ነው። ባሏን እስከዚያ ድረስ ታውቀዋለች።

"ኣዳነች፣ ላጲስ አለሽ?" አለ። "እርሳስ ስለሆነ ይቺን መስመር ብቻ ላጥፋት። ይሄ መሥሪያ ቤት ነው።"

"ልኬት አይፋቅም" አለ ኣረጋዊ ደብተሩን ወደ ራሱ እየሳበ። "ሙሉውን ነው የምልክ። ጧት ሄጄ አለቱን አይቼ መጣሁ፤ ውሃው ደለሉን ጥሎ የሄደው ሁለት ሜትር ከሠላሳ ላይ ነው። እሷስ የመጨረሻውን ስንት ብላለች? ሁለት ሜትር ከሠላሳ። በቃ፣ ድልድይ ነው። ማህተም አምጪ ኣዳነች።"

ኣዳነች ማህተሙን አምጥታ ገጹ ላይ በደንብ ተጫነችው። ክብ፣ ወይን ጠጅ፣ ያማረ ማህተም ወጣ። አንስታ ስታየው እየፈሰሰ ነው፤ በጣቷ ነካ ስታደርገው ሙልጭ ብሎ ጠፋ። ደገመች። ደገመ። ሦስቱም ተያዩ። አገሩን ሁሉ የሚያንበረክክ ማህተም እዚያ ወረቀት ላይ መቆም አቃተው፤ የየሺወርቅ እርሳስ ግን ዝንፍ አላለም። በመጨረሻ ኣረጋዊ በተራ ወረቀት ሸኚ ደብዳቤ ጻፈ። "በወይዘሮ የሺወርቅ ተመዝግቦ በፈንታሁን የተረጋገጠ አንድ ደብተር በአባሪነት ተያይዟል" ብሎ ማህተሙን እሱ ላይ አስመታ።

ውጪ ካፊያ ጀምሯል። ደብዳቤውን የሚወስደው መኪና በር ላይ ይጠብቃል። ኣዳነች ደብተሩን አንስታ "ልጠቅልለው እንዴ? በፌስታል?" ብላ ፈንታሁንን ጠየቀችው።

ፈንታሁን ቢጫውን ሽፋን አየው። ሁለት ዓመት ከስምንት ወር።

"አያስፈልገውም" አለ። "ዝናብ አይፈራም።"

እቤት ሲደርስ አምስት ሰዓት ተኩል ነበር። የሺወርቅ ነጠላዋን እያጣፋች ለቅዳሴ ልትወጣ ነው። ሣጥኑ ትላንት እንደተገለበጠ፣ ፌስታሎቹ ከላዩ ላይ ናቸው።

"ተቀበሉት?"

"ኣረጋዊ ተቀብሎ ልኮታል። ድልድይ ነው።"

"እሰይ!" አለች እልል ልትል እየቃጣት። ከዚያ ፊቱን አየችው። "አነበብከው?"

"ኣረጋዊ አነበበው። ኣዳነች ባለችበት።" ሣጥኑ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። "የሺ፣ ባልቆምስ ኖሮ?"

"ያንን ደብተር ዝናብ ላይ አይተህ?" አለችው። "አንተ?"

ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ የመጣው ግን ሳቅ አልነበረም። ትላንት ጭቃው ላይ ተቀምጦ ያልወጣው ሁሉ አሁን ወጣ። የሺወርቅ አጠገቡ ተቀመጠችና በነጠላዋ ጫፍ ፊቱን ጠረገችው። እሷም እያለቀሰች ነበር፤ የራሷን ግን አልጠረገችም።

"ዛሬ አብሬሽ እሻገራለሁ" አላት። "ከቅዳሴው በፊት። እዚያው ማዶ እጠብቅሻለሁ።"

"ምን ላይ ልትጽፍ? ደብተሩ ሄዷል።"

ፈንታሁን ከሸሚዙ ሥር ባለ ሃምሳ ቅጠሉን አወጣ። የሺወርቅ ተቀበለችው። ሦስቱን ፌስታሎች አነሳች፣ በአንዱ ጠቀለለችው፣ በሁለተኛው ጠቀለለችው፣ ለጥንቃቄ ደግሞ በሦስተኛው፤ እርሳሷን ጨምራ ሰጠችውና ወጡ።